የመርከብ ኑሮና የመርዶ ነገር

(በቅሬያችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሽማግሌዎቹ «አንተ ባሕር ያየህ ሰው ነህ፤ ዘንድሮ ስለ መርከብ ኑሮ ንገረን» ቢሉን፣ ትምህርታችን ስድስተኛ ክፍል፣ እንጀራችንም የጸሐፊነት እንጀራ ሆኖ ሳለ እዚህ መቆሙ ድፍረት መሰለን። ዳሩ ግን ዕድሜያችን ስድሳ ሰባት ደርሷል፤ ሳንናገረው ብንሞት አብሮን ይቀበራል ብለን እሺ አልን። ደግሞም በዚህ ቅሬ ፊት የምንናዘዘው አንድ ዕዳ አለብን፤ እሱን በስተመጨረሻ እናመጣዋለን።

እንግዲህ የመካነ ሰላም ልጅ ከመርከብ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። እኛ በልጅነታችን የምናውቀው ትልቅ ውሃ ዓባይ ነው፤ እሱንም ቢሆን ከደጋው ላይ ሆነን ገደሉን እንጂ ውሃውን አናየውም ነበር። ክረምት ሲሆን ወለቃ ሰው ወሰደ ሲባል እንሰማለን። ውሃ ማለት ለእኛ የሚፈራ ነገር ነበር። በ1972 ዓ.ም. ከአንድ የወግዲ ልጅ ጋር ተመልምለን በአቀስታ፣ በካቤ፣ በጉጉፍቱ አድርገን ደሴ ገባን። ከዚያም ስንሄድ ሰንብተን የአሥመራን ዳገት ቁልቁል ስንወርድ ቀይ ባሕርን ከሩቅ አየነው። የወግዲው ልጅ «ምነው፣ ሰማዩ ወርዶ ተኛ እንዴ?» አለ። መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀበት። እኛም ሳቅን እንጂ ያሰብነው ያንኑ ነበር።

ሥልጠናውን ጨርሰን የተመደብንባት መርከብ ስሟ «ኢትዮጵያ» ነበር። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን እንድታገለግል ሠርተዋት፣ በእነሱ ዘንድ «ኦርካ» ትባል ነበር። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ነው። በ1954 ዓ.ም. ለአገራችን ተሰጥታ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ፣ የዕጩ መኮንኖችም መማሪያ ሆነች። በንጉሡ ጊዜ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል በዓል ሲከበር የውጭ አገር የጦር መርከቦች እየመጡ አብረዋት ይቆሙ ነበር ይባላል። እኛ ስንደርስ ይህ ሁሉ አልፎ፣ ከሶቪየት ኅብረት የመጡ ፈጣን ጀልባዎችና መርከቦች ወደቡን ይዘውታል። እሷ ግን በመካከላቸው እንደ አሮጊት እናት ተከብራ ትታይ ነበር።

አሁን ወደ ኑሮው እንግባ። አልጋችን የብረት ሆኖ አንዱ በአንዱ ላይ ሦስት ድርብ ነው። የታችኛው ሰው ቀና ቢል የላይኛውን ይገጫል። ሌሊት ተራ ደርሶት የሚነሣ አለ፤ ከተራ ወጥቶ የሚተኛ አለ፤ ስለዚህ ሁሉም አንድ ላይ የሚተኛበት ሰዓት አይገኝም። ተራው አራት አራት ሰዓት ነው። ትእዛዝ የሚተላለፈው በፉጨት ነው፤ የመነሻው ሌላ፣ የምግቡ ሌላ፣ የአደጋው ሌላ። የኛ ቅሬ ጥሩንባ ሲነፋ ሰው ሁሉ የያዘውን ጥሎ እንደሚወጣ፣ እዚያም የአደጋው ሲነፋ ሳሙና ሰውነቱ ላይ እንዳለ የሚሮጥ ነበር።

የመርከበኛ ሥራ ጦርነት ብቻ ይመስላችኋል? አይደለም፤ ዋናው ጠላት ዝገት ነው። የቀይ ባሕር አየር ጨው ነው፤ ብረት ይበላል። በየቀኑ በመዶሻ ዝገቱን እያራገፍን ቀለም እንቀባለን፤ ከአፍንጫዋ ጀምረን ጅራቷ ስንደርስ አፍንጫዋ ዳግመኛ ዝጎ ይጠብቀናል። ሙቀቱን ለደጋ ሰው መንገር ያስቸግራል። በበጋ እንኳ ላብ አይደርቅም፤ በሰኔና በሐምሌማ የመርከቡ ብረት እጅ ያቃጥላል። ከታች የሞተር ክፍል ተራቸውን ጨርሰው የሚወጡት ልጆች ከውሃ የወጡ ይመስሉ ነበር። በውሃ መካከል እየኖርን የምንጠጣው ውሃ በልክ ነው። ልብስ በባሕር ውሃ ካጠብነው ሲደርቅ እንደ ቆዳ ይገተራል።

ማዕበል ሲነሣ ደግሞ ሌላ ነው። መጀመሪያ ጊዜ እኛና የወግዲው ልጅ አንድ ባልዲ ተካፍለን ሁለት ቀን ተኛን። አንድ አንጋፋ መርከበኛ መጥቶ «ተነሡ! የታመመ ሰው ሥራ ከያዘ ይሻለዋል፤ ከተኛ ግን ባሕሩ ይጫወትበታል» ብሎ መጥረጊያ አስያዘን። እውነቱን ነበር።

ምግቡ ከየብስ የተጫነ እንጀራ እስኪያልቅ ወይም እስኪሻግት ድረስ እንጀራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዳቦ፣ ሩዝ፣ መኮሮኒ። ዓሣ በአገራችን አንበላም ነበር፤ እዚያ ግን ለመድን። ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ገበታ ይቀመጣል፤ ሥጋ ሲሆን ድስቱ ይለያል፤ ጨዋታው ግን አንድ ነው። ይኼ ለወሎ ሰው አዲስ አልሆነብንም።

እጅ ጽሕፈታችን ደህና ነው ተብሎ የስንቅ ግምጃ ቤት ረዳት ሆንን። ገቢውን በሞዴል 19፣ ወጪውን በሞዴል 22 እየመዘገብን ኖርን። ኋላ ጸሐፊ ያደረገን ያ ሥራ ነው። ከዱቄት አንድ ኪሎ ቢጎድል ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደንም ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ግን ያ ግምጃ ቤት መከራ ሆነብን። አሰብ ወደብ ላይ ሆነን ለረሃቡ የመጣ እህል የጫኑ መርከቦች ተራ ሲጠብቁ እናያለን። ጆንያው ሲራገፍ እናያለን። ወሎ እንደሆነ በራብ አልቋል። ደብዳቤ ከቦረና አሰብ እስኪደርስ ወራት ይፈጅበታል። ስለዚህ እኛ የጠገበ ሰው ዱቄት እየመዘገብን፣ የቤታችን ሰው ይኑር ይሙት አናውቅም።

አንድ ቀን ደብዳቤው መጣ። የተቀበለው የወግዲው ልጅ ነው፤ ከአገር ሰው ሰምቶ ይዘቱን አውቆታል። እኛ ተራ ላይ ስለ ነበርን ምንም ሳይል ደብቆ ያዘው። ከተራ ወጥተን፣ በልተን፣ ተኝተን ስንነሣ ጎሕ ሲቀድ ሦስት አንጋፋ መርከበኞች ይዞ መጣ። ገና ሲቀመጡ ገባን። ታናሽ እኅታችን ሞታለች። አልቅሰን እስኪበቃን አልተነሡም፤ በዚያ ቀን ተራችንን ሌላ ሰው ያዘልን፤ ማታ ከየደመወዛቸው አዋጥተው ወደ ቤተሰባችን የሚላክ ገንዘብ ሰጡን። ድንኳን የለ፣ ንፍሮ የለ፣ ግን ለቅሶ ተደረሰን። መርከብ ላይ ቅሬ ነበረን የምንለው ለዚህ ነው።

ያ ልጅ ኋላ ወደ አንዲት ትንሽ ጀልባ ተዛውሮ ምጽዋ ቀረ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ ስትያዝ እኛ አሰብ ነበርን። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ከዚያ የተረፈ አንድ መርከበኛ አገኘንና ጀልባዋ ተመትታ መስጠሟን፣ ያ ልጅም እዚያው መቅረቱን በዓይኑ እንዳየ ነገረን።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ የእኛ ተራ ደረሰ። አገር ተናወጠ፤ መልሕቅ ተነሣ፤ ወደ የመን ተሻገርን። የአሰብ ዳርቻ ከዓይናችን ሲጠፋ ሳቅም ለቅሶም የሚያሰማ ሰው አልነበረም፤ ሞተሯ ብቻ ይሰማል። ከጥቂት ወራት በኋላ እኛ ወደ አገራችን ተመለስን፤ እሷ ግን እዚያው ቆማ በ1985 ዓ.ም. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ያን ሁሉ ዓመት ከዝገት ያዳንናት መርከብ! ባሕር ኃይሉም በ1988 ዓ.ም. ፈረሰ፤ እንደ ገና እንዲቋቋም የተወሰነው በ2010 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደ ዕዳው መጣን። እስካሁን «እኛ» ስንል የመርከቡን ሰው ሁሉ ይዘን ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት ግን የአንድ ሰው ነው፤ እሱም እዚህ የቆመው ነው።

መካነ ሰላም ተመልሰን ጸሐፊነት እንደ ተቀጠርን የዚያ ልጅ እናት ሰምተው መጡ። «ልጄን የት ተለያችሁ?» አሉን። እኛም «ምጽዋ ነው የተለየነው፤ ከዚያ ወዲህ አላየነውም» አልን። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። በየገበያው ቀን ይመጣሉ፤ እንቁላል ወይም ጥቂት ባቄላ ይዘው ይመጣሉ። «የመን የቀሩ አሉ ይባላል፤ እውነት ነው?» ይላሉ። «አሉ ይባላል» እንላለን። ሬሳውን አላየንም፣ ምናልባት ያ ሰው ተሳስቶ ይሆናል እያልን ራሳችንን እናታልላለን። እንዲህ ሆኖ አራት ዓመት አለፈ። በአራቱ ዓመት ተዝካር አልወጣም፣ ለቅሶ አልተቀመጡም፣ የሱን ድርሻ እህል በጎታ እየለዩ ያስቀምጡ ነበር። ዱቄት ቢጎድል እንቅልፍ የማይወስደን ሰዎች፣ የሰው ነፍስ ሲጎድል ዝም አልን።

በመጨረሻ ለያኔው የቅሬ ዳኛ ነገርናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና ቆጣ ብለው አዩንና «መርዶ አደራ ነው። አንተ አደራ በልተሃል» አሉን። ሌላ አልጨመሩም። በማግሥቱ ከወግዲ ቅሬ ጋር ተላልከው ጎሕ ሲቀድ ሄድን። ሽማግሌዎቹ ተናገሩ። እናቲቱ ጮኹ፤ ከቆየ በኋላ ወደ እኛ ዞር አሉ። ይረግሙናል ብለን አንገታችንን ደፋን። እሳቸው ግን «ልጄ፣ ውሃው ይቀዘቅዛል?» አሉን። እንደ ወለቃ፣ እንደ ዓባይ አስበውት ነው። «የለም እማማ፤ የዚያ አገር ባሕር ሙቅ ነው» አልናቸው። ይኸን እንኳ እውነቱን ስለ ነገርናቸው ጥቂት ቀለለን።

የተከበራችሁ አባላት፤ ይኼ ያለፈ ነገር ነው እንዳትሉን። ዛሬም የወሎ ልጆች በጅቡቲ በኩል በዚያው ባሕር ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ይሄዳሉ። እኛ ያን መተላለፊያ በብረት መርከብ ስናልፈው ማዕበሉ ያስጨንቀን ነበር፤ እነሱ በትንሽ ጀልባ ተጠቅጥቀው ነው የሚያልፉት። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በየመን አብያን ጠረፍ 150 ያህል ሰው የጫነች ጀልባ ተገልብጣ ብዙ ኢትዮጵያውያን አልቀዋል። ከተረፉት አንዳንዱ ያየውን ያውቃል፤ እንደኛ ዝም ይላል። እናት እንደሆነ ስልክ ይዛ ትጠብቃለች።

ስለዚህ ለዚህ ስብሰባ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የቅሬያችን መዝገብ በአገር ውስጥ ያለውን ብቻ ሳይሆን በባሕር በኩል የወጣውንም ልጅ ስም፣ የወጣበትን ቀንና አብረውት የሄዱትን ይያዝ፤ የማጻፉን ሥራ ያለ ክፍያ እኛ እንሠራለን። ሁለተኛ፣ የሞት ወሬ የያዘ ሰው ለቅሬው ዳኛ በምስጢር እንዲነግር፣ ሽማግሌዎችም የሚጣራውን አጣርተው መርዶውን በወጉ እንዲያደርሱ ደንብ ይጻፍ። ሬሳ ባይገኝም ለቅሶ ይደረስ፤ ድንኳኑም ይተከል።

የያዛችሁት ወሬ ካለ አታቆዩት፤ በቆየ ቁጥር ለመናገር ይከብዳል። እኛ አራት ዓመት ቆይተን አይተነዋል።

በባሕር ለቀሩት ሁሉ ነፍስ ይማር፤ አላህ ይርሐማቸው።