ከሙገር እስከ ተንዳጉሩ፦ የግዙፎቹ ዳይኖሶሮች ምድርና የግንባታ ባለሙያው ኀላፊነት

(በልደታ፣ አዲስ አበባ፣ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በልደታ አካባቢ ባለፉት ዓመታት የድሮው መንደር ፈርሶ በቦታው ረጃጅም ሕንፃዎች ቆመዋል። ከነዚህ ሕንፃዎች በአንዱ ምሰሶ አጠገብ የሚያልፍ ባለሙያ ስለ ብረቱ ውፍረት፣ ስለ አሸዋው ጥራትና ስለ ሲሚንቶው ዋጋ ያስብ ይሆናል እንጂ ስለ ሲሚንቶው ዕድሜ አያስብም። ይሁንና ሲሚንቶ የሚሠራው ከኖራ ድንጋይ ነው። በ1984 ሥራ የጀመረው የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ በተተከለበት አካባቢ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ደግሞ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የኢትዮጵያን መካከለኛ ክፍል ሸፍኖ በነበረ ባሕር ወለል ላይ የረጋ ነው። በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆናቸው አስቀድሞ ይታወቅ።

ባሕሩ ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲሸሽ በተወው ሜዳ ላይ ወንዞች ጭቃና አሸዋ አነጠፉ። በወንዞቹ ዳርና ዳር ዳይኖሶሮች ይኖሩ ነበር። የነዚህ እንስሳት ቅሪት ዛሬ የሚገኘው የግንባታ ባለሙያው ለካባ፣ ለመንገድና ለመሠረት በሚቆርጠው ዐለት አጠገብ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የቅሪተ አካል ሊቃውንት ብቻ ሳይሆን የዚህ ማኅበር አባላትም ጉዳይ ነው።

ዳይኖሶር የሚለውን ስም በ1842 ያወጣው እንግሊዛዊው ሊቅ ሪቻርድ ኦወን ነው። እነዚህ እንስሳት ከ230 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ጀምሮ በምድር ላይ ኖረው፣ ከአእዋፍ ወገን በቀር፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ጠፍተዋል። የኢትዮጵያ ሕዝብ የቅሪተ አካልን ነገር በይበልጥ የሚያውቀው በ1974 በሐዳር በተገኘችው በድንቅነሽ ነው። የድንቅነሽ ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። በሙገር የጭቃ ድንጋይ ውስጥ የተቀበሩት ፍጥረታት ግን ከርሷ ዘመን አርባ አምስት ጊዜ ያህል ወደ ኋላ የራቁ ናቸው።

ከዳይኖሶሮች ሁሉ የገዘፉት ረጅም አንገትና ረጅም ጅራት ያላቸው፣ በአራት እግር የሚሄዱ ዕፅ በሎች ነበሩ። ስለ ዳይኖሶር ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሱት የሰሜን አሜሪካ ምድሮች ይሁኑ እንጂ፣ ከግዙፎቹ መካከል እጅግ የገዘፉት የተገኙት ብዙ ሰው ከማያውቃቸው ስፍራዎች ነው። በአርጀንቲና ደቡብ፣ በፓታጎኒያ፣ ጊዬርሞ ኤሬዲያ የተባለ ገበሬ በ1987 በመሬቱ ላይ አንድ ትልቅ ነገር አገኘ። በመጀመሪያ ወደ ድንጋይ የተለወጠ ግንድ መስሎት ነበር። ሲመረመር ግን የእግር አጥንት ሆነ፤ እንስሳውም በ1993 አርጀንቲኖሳውረስ ተብሎ ተሰየመ። ርዝመቱ 30 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ እንደነበረ ይገመታል። ይህ ታሪክ ሊዘነጋ አይገባም፤ ግንድ የመሰለው ነገር ተፈልጦ ቢጣል ኖሮ በዓለም ላይ ከኖሩት ትልልቅ እንስሳት አንዱ ሳይታወቅ ይቀር ነበር።

በአፍሪካ ደግሞ ከሁሉ የላቀው ስፍራ በደቡብ ምሥራቅ ታንዛኒያ፣ ከሊንዲ ወደብ በስተ ሰሜን ምዕራብ የሚገኘው የተንዳጉሩ ኮረብታ ነው። በዚያ የነበረውን አጥንት በ1906 ለአውሮፓውያን ያስታወቀው የሥነ ምድር ፕሮፌሰር ሳይሆን ሳትለር የተባለ የማዕድን መሐንዲስ ነበር። መሐንዲሱ ለሥራው ሲዘዋወር ከመሬት ወጥቶ ያየውን ግዙፍ አጥንት አይቶ አላለፈም፤ ለሚመለከታቸው ጻፈ። በ1907 ኤበርሃርት ፍራስ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ መጥቶ ቦታውን ተመለከተ፤ ከ1909 እስከ 1913 ድረስም ከበርሊን የተላከ ጓድ ቁፋሮ አካሄደ።

በቁፋሮው በመቶ የሚቆጠሩ አፍሪካውያን ሠራተኞች ተሰማርተው ነበር። ጊዜው የማጂ ማጂ ጦርነት ካበቃ ሁለት ዓመት ብቻ ያለፈበት፣ አገሩም በጦርነትና በረሀብ የተጎዳበት ነበር። መኪና በሌለበት አገር 250 ቶን የሚያህል አጥንትና ድንጋይ በሰው ራስና ትከሻ እየተጫነ፣ የቀናት መንገድ ተጉዞ፣ ሊንዲ ወደብ ደርሶ በመርከብ ተላከ። በበርሊን የተፈጥሮ ሙዚየም በ1937 የቆመው የዚህ ምድር ዐፅም ከ13 ሜትር በላይ ቁመት አለው፤ የአራት ፎቅ ቤት ያህል ማለት ነው። ይህ እንስሳ በመጀመሪያ ብራኪዮሳውረስ ተብሎ ነበር፤ ዛሬ ጂራፋታይታን በሚል ስም ይታወቃል። የሠራተኞቹ አለቃና ዋና የአጥንት አዘጋጅ የነበረው ቦሄቲ ቢን አምራኒ ግን ስሙ ለረጅም ዘመን ተረስቶ ኖረ። በ2007 ከተንዳጉሩ የተገኘ አንድ ሌላ ዳይኖሶር በርሱ ስም እስኪሰየም ድረስ ዘጠና ዓመታት አልፈዋል።

ከአገር የወጣ ቅርስ ሁሉ ደኅና ይቀመጣል ማለትም አይደለም። ከግብፅ ምድረ በዳ ተቆፍሮ ወደ ሙኒክ የተወሰደው፣ ኤርንስት ሽትሮመር በ1915 ስፒኖሳውረስ ብሎ የሰየመው ዐፅም፣ በ1944 በአየር ድብደባ ከሙዚየሙ ጋር ነደደ። በአንጻሩ በዚያው በግብፅ ምድረ በዳ የተገኘ ረጅም አንገት ያለው ዳይኖሶር በ2018 ማንሱራሳውረስ ተብሎ ሲሰየም፣ ቁፋሮውን የመሩት ግብፃዊው ሊቅ ሂሻም ሰላምና የማንሱራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻቸው ነበሩ። የእንስሳው ስም የዩኒቨርሲቲያቸው ስም ሆነ። በሁለቱ ታሪኮች መካከል አንድ መቶ ዓመት አለ፤ ልዩነቱ ግን የዘመን ብቻ ሳይሆን የባለቤትነትም ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት እንመለስ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በአባይ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ የምድርን ታሪክ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እያነበበ ይወርዳል ማለት ይቻላል። ከላይ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት እንደ ጎርፍ የፈሰሰው ጥቁር ባዛልት አለ። ከርሱ በታች የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ወፍራሙ የእንጣሎ ኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ጀሶ የሚወጣበት የጎሐ ጽዮን ንብር፣ በመጨረሻም ከወንዙ አጠገብ ቀዩ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይገኛል። አዲግራትና እንጣሎ የሚሉት የዐለት ስሞች የመጡት በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመተው ዊልያም ብላንፎርድ በትግራይ ካደረገው ጥናት ነው። የጎሐ ጽዮንንና የሙገርን ንብሮች ለይተው በስማቸው ለሳይንስ ያስተዋወቁት ደግሞ ኢትዮጵያዊው የሥነ ምድር ሊቅ ጌታነህ አሰፋ ናቸው። የሙገር የጭቃ ድንጋይ የሚገኘው በሙገርና በአካባቢው ሸለቆዎች፣ ከኖራው ድንጋይ በላይ ነው።

በዚህ የጭቃ ድንጋይ ላይ በ1990ዎቹ ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቹ ፍለጋ አድርገው ውጤቱን በ1999 አሳተሙ። የተገኙት የዓሣ፣ የኤሊ፣ የአዞ ወገንና የዳይኖሶር ቅሪቶች ነበሩ። ከዓሣዎቹ አንዱ ከአየር የሚተነፍሰው የሳንባ ዓሣ ወገን ነው፤ ይህም ስፍራው የወንዝና የረግረግ አገር እንደነበረ ያመለክታል። ከዳይኖሶሮቹ የተገኘው በይበልጥ ጥርስ ነው፤ ከነዚህም መካከል የትልልቅ ሥጋ በሎች ጥርስ አለ። በ2007 ከዚያው ንብር የአንድ ጥንታዊ አጥቢ እንስሳ ጥርስ ተገለጠ፤ በ2011 ደግሞ የዳይኖሶሮቹን ጥርሶች በዝርዝር የሚያጠና ጽሑፍ ወጥቶ በአካባቢው ልዩ ልዩ ወገኖች ይኖሩ እንደነበረ አስረዳ።

ከምሥራቅ ኢትዮጵያም አንድ ማስረጃ አለ። በሐረር አካባቢ የተገኘን አንድ መንጋጋ በ1938 ፍሪድሪሽ ፎን ሂዩነ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የባሕር ውስጥ ተሳቢ እንስሳ ነው ብሎ ሰይሞት ነበር። በ1996 ሌሎች ተመራማሪዎች እንደገና ሲመረምሩት የባሕር አዞ ወገን መሆኑን አረጋገጡ። አምሳ ስምንት ዓመት የቆየው ስሕተት ሊታረም የቻለው ዕቃው ተጠብቆ በመቆየቱ ነው። የጠፋ አጥንት ስሕተቱንም እውነቱንም ይዞ ይጠፋል።

ታዲያ ጥርስ ከተገኘ ግዙፉ ዐፅም ስለምን አልተገኘም? ተንዳጉሩና ሙገር በዘመን ይቀራረባሉ፤ በዚያን ጊዜም አፍሪካ፣ ደቡብ አሜሪካና ሕንድ ተያይዘው የነበሩ ስለሆነ እንስሳቱ ለመዘዋወር የሚያግዳቸው ውቅያኖስ አልነበረም። የልዩነቱ ምክንያት ሦስት ነው ለማለት ይቻላል። አንደኛው፣ ዳይኖሶር በዕድሜው ሁሉ ጥርሱን እያራገፈ በሌላ ይተካ ነበር፤ የጥርስ ልባስም ከአጥንት ይልቅ ይጠነክራል። ስለዚህ ከአንድ እንስሳ ብዙ ጥርስ ሲቀር፣ ዐፅሙ የሚቀረው ሬሳው በቶሎ በደለል ከተሸፈነ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ የኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው ባዛልት በአንዳንድ ስፍራ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ውፍረት ስላለው አሮጌው ዐለት ብቅ የሚለው በሸለቆዎቹ ገደል ላይ ብቻ ነው። በፓታጎኒያ ምድረ በዳው ሰፊና ራቁት ነው፤ በአባይ ተፋሰስ ግን የተጋለጠው ዐለት ቀጭን መቀነት ሆኖ በገደሉ ወገብ ላይ ይዞራል፤ እሱንም ቁጥቋጦና የገበሬ ማሳ ይሸፍነዋል። ሦስተኛው፣ የፈለገው ሰው ቁጥር ጥቂት ነው። በሐዳርና በአዋሽ የሰውን ዘር አመጣጥ ለማጥናት የፈሰሰው ዕውቀትና ገንዘብ ከዚህኛው ዘመን ጋር አይወዳደርም።

እዚህ ላይ የማኅበሩ አባላት ድርሻ ይመጣል። ገደል የሚያስቆርጠው፣ ድማሚት የሚያስቀብረው፣ ቡልዶዘር የሚያሰማራው የግንባታ ባለሙያ ነው። ተመራማሪው በዓመት ለጥቂት ሳምንታት በሚጎበኘው ሸለቆ ውስጥ የካባው ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ ይውላል። ቀያሹና ፎርማኑ ማንም ያላየውን ትኩስ የዐለት ፊት በየዕለቱ ያያሉ። የተንዳጉሩ ነገር በማዕድን መሐንዲስ መጀመሩ እንግዲህ አስገራሚ አይደለም። በሌላ በኩል ግን ለ150 ሚሊዮን ዓመታት ተጠብቆ የኖረውን ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ፈጭቶ ጠጠር ለማድረግ የሚችለውም ይኸው ሙያ ነው። በገደል ላይ ያለውን ዝናብና ጎርፍ በዝግታ ያጠፋዋል፤ በካባ ውስጥ ያለውን መፍጫው በደቂቃ ያጠፋዋል።

በ2000 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ፣ ቁጥር 209/1992፣ በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ሥራ፣ በመንገድ ግንባታ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ ሳይነካካ እንዲጠብቅ ደንግጓል። አንዳንድ ተቋራጭ እንዲህ ያለውን ነገር ሲያገኝ ሥራ ይቆምብኛል፣ የጊዜ ገደቡ ያልፍብኛል ብሎ መሥጋቱ አይካድም፤ ሥጋቱም መሠረት የለውም ተብሎ አይናቅም። የማሽን ኪራይ በሰዓት ይቆጠራል፤ የቀን ሠራተኛም ያለ ሥራ የሚውልበት ቀን ለቤቱ ጦም ማደሪያ ነው። መፍትሔው ግን ዝምታ አይደለም። በውል ሰነድ ውስጥ ለእንዲህ ያለ አጋጣሚ የጊዜ ማራዘሚያ አስቀድሞ ቢጻፍ፣ ማሽኑም ወደ ሌላው የካባ ፊት ቢዛወር፣ ሥራውም ቅርሱም ይድናሉ።

አጥንትን ከተራ ድንጋይ ለመለየት የሚረዱ ቀላል ምልክቶች አሉ። የተሰበረው ፊት ሲታይ የውጭው ንጣፍ ጥቅጥቅ ያለ፣ የውስጡ ግን እንደ ንብ እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ከሆነ፣ ቅርጹም እንደ መገጣጠሚያ ጉልበት የደነደነ ወይም እንደ ጀርባ አጥንት ክብና ተደጋጋሚ ከሆነ፣ ሥራውን ማቆም ይገባል። የተገኘውን ነገር ነቅሎ ማውጣት ትልቁ ስሕተት ነው፤ ከተገኘበት ንብር የተለየ አጥንት ዕድሜውን የሚመሰክርለት አያገኝምና። ይልቁንም መለኪያ ከአጠገቡ አስቀምጦ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ቦታውንና የንብሩን ከፍታ መመዝገብ፣ በሸራ ሸፍኖ አፈር መመለስ፣ ከዚያም ማስታወቅ ነው። ተመራማሪው ሲመጣ አጥንቱን በጆንያ ጨርቅና በጀሶ ጠቅልሎ ያወጣዋል። ጀሶ ለማንሣት ደግሞ ከግንባታ ሠራተኛ የተሻለ እጅ የለም።

ክቡራትና ክቡራን፣

በአባይ ተፋሰስ ሸለቆዎች የተገኙት ጥርሶች የባለቤቶቻቸውን መኖር መስክረዋል። የተሟላ የግዙፍ ዳይኖሶር ዐፅም ከኢትዮጵያ ምድር እስካሁን አልተገለጠም፤ ይገለጣል ብሎ ቃል መግባትም አይቻልም። የሚቻለው፣ ቢወጣ እንዳይጠፋ መዘጋጀት ነው። ማኅበሩ ለአባላቱ በሚሰጠው ሥልጠና ውስጥ ስለ ቅሪተ አካል የሚያስረዳ የአንድ ቀን ትምህርት ቢጨምር፣ በሸለቆዎቹ ለሚሠሩ ፎርማኖችና የካባ ሠራተኞችም ምልክቶቹን በሥዕልና በአማርኛ፣ በኦሮምኛም የሚያሳይ አንድ ገጽ ቢያዘጋጅ፣ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ይሆናል። አንድ ቀን አንድ የካባ ሠራተኛ ዶማውን አቁሞ ፎርማኑን የጠራ እንደሆነ፣ የሠራተኛውም ስም እንደ ቦሄቲ ዘጠና ዓመት ሳይጠብቅ ከግኝቱ ጋር አብሮ ይመዝገብ።