በጀልባው ላይ አብሮን የሚሳፈረው ማን ነው?



እኛ የወላይታ ሰዎች ከባሕር ሩቅ ነን። ውሃ ሲባል የምናውቀው ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ በግራችን የሚታየንን ዓባያን ነው። ይሁንና የመን የሚያሻግር ጀልባ አለ ብሎ የሚመጣ ደላላ ሶዶም ቢሆን አይታጣምና፣ ስለ ባሕር ጉዞ ጥቂት ብንነጋገር መልካም ነው።

በ615 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ወደ ሐበሻ ሲነሱ፣ ጦበሪ እንደዘገበው አሥራ አንድ ወንዶችና አራት ሴቶች ነበሩ። ሹዐይባ ላይ ሁለት የነጋዴ መርከቦች አግኝተው በግማሽ ዲናር ተሳፈሩ። መርከቡ የሰው ነው፤ የጉዞ ጓደኞቹ ግን በኢማን የተሳሰሩ ናቸው። አሚራቸውም ዑሥማን ኢብኑ መዝዑን እንደነበሩ የተነገረውን ኢብኑ ሂሻም ጽፏል። ሦስት ሆነው የሚጓዙ አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋልና።

በየካቲት 2013 እ.ኢ.አ. ደግሞ ከጅቡቲ የተነሳ አንድ ጀልባ ቢያንስ 200 ሰው ጭኖ ነበር። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ከተረፉት ሰምቶ እንደገለጸው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄዱ አሻጋሪዎቹ ‹‹ሰው በዛ›› እያሉ ጮኹ፤ 80 ያህሉንም ወደ ባሕር ወረወሯቸው። ቢያንስ 20 ሰዎች ሞቱ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

በሬ ስንገዛ እንኳ አፉን ከፍተን ጥርሱን እናያለን። ልጃችንን ለሚወስደው ደላላ ገንዘቡን ከመቁጠራችን በፊት ‹‹ጀልባውን የሚነዳው ማን ነው? የማን ልጅ ነው? አብረውት የሚሳፈሩትስ እነማን ናቸው?›› ብለን ብንጠይቀው አንድ ስም ይጠራልን ይሆን?