አማካሪው ሲሄድ ምን ይቀራል?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮችና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)

በምሥረታ በዓል ላይ ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ጭነት መኪናውና ስለ ዓመቱ ሽያጭ ብዙ ይባላል፤ መባሉም ተገቢ ነው። የዚህ ንግግር ርዕስ ግን ፎቶግራፍ የማይነሳ ነገር ነው። ይኸውም ለጋሽ ድርጅቶች ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች በነፃ ወይም በቅናሽ ሲያቀርቡት የኖሩት የንግድ ሥራ ምክር ነው። ምክሩ ምን ሰጠ? ሰጪው ሲሄድስ ምን ተረፈ?

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 በወጣበት ዘመን የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ተቋቋመ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም የሲዳማና የይርጋጨፌ ዩኒየኖች ተከተሉ። በዚያን ጊዜ የጠፋው ቡና ወይም እህል አልነበረም። የጠፋው ሂሳብ በወጉ የሚይዝ፣ የኤክስፖርት ውል አንብቦ የሚረዳ፣ ለባንክ የሚቀርብ የሥራ ዕቅድ የሚያዘጋጅ ሰው ነበር። ይህን ክፍተት ለመሙላት በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት በዩኤስኤአይዲ ገንዘብ ኤሲዲአይ ቮካን የመሰሉ ድርጅቶች ቦርዶችንና ሥራ አስኪያጆችን አሠለጠኑ፣ ሂሳብ አያያዝን አስተማሩ፣ ዩኒየኖችን ከገዢ ጋር አገናኙ። እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካ ኮንግረስ ባጸደቀው ሕግ የተጀመረው «ገበሬ ለገበሬ» የተባለው ፕሮግራምም ደመወዝ የማይከፈላቸውን አሜሪካውያን ገበሬዎችና ባለሙያዎች ለጥቂት ሳምንታት ወደ ተለያዩ አገሮች ይልክ ነበር። ፕሮግራሙ በኋላ በጆን ኦጎኖውስኪ ስም ተሰይሟል። ሰውየው የአውሮፕላን አብራሪም ገበሬም ነበር። እርሻው በማሳቹሴትስ ሲሆን ከካምቦዲያ ለመጡ ስደተኛ ገበሬዎች መሬት እንዲያገኙ ረድቷል። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 ከተጠለፉት አውሮፕላኖች የአንዱ ካፒቴን ነበርና በዚያው ቀን ሞተ።

ይህ ሁሉ መልካም ነበር። ሆኖም ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በዋሽንግተን አንድ ትእዛዝ ተፈረመና የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ታገደ። ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ዩኤስኤአይዲ የዕርዳታ ሥራውን በይፋ አቆመ። ከዚያ በፊት ለዓመታት «ፕሮጀክቱ ያሠለጥናል»፣ «ፕሮጀክቱ ኦዲተር ያመጣል» ሲባል የኖረበት ቦታ ሁሉ ባዶ ሆነ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን አባባል ለመጥቀስ ጊዜው አሁን ነው ቢባልም፣ አባባሉ ብቻውን መፍትሔ አይሰጥም።

የምክሩ አካሄድ እዚህ ለተሰበሰቡት የቦርድ አባላት እንግዳ አይደለም። አማካሪው ይመጣል፤ ሁለት ሳምንት ይቆያል። መጋዘኑን ያያል፣ ሂሳብ ሹሙን ይጠይቃል፣ ቦርዱን በአስተርጓሚ ያነጋግራል፣ ምሳ ይጋበዛል። ከሄደ ከወራት በኋላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም ሪፖርት ይደርሳል። ሥራ አስኪያጁ ያነበዋል፤ ከዚያም መሳቢያ ውስጥ ያኖረዋል። በዓመቱ ሥራ አስኪያጁ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይለቃል፤ አንዳንዴም የሚሄደው እዚያው አማካሪውን ወደ ላከው ድርጅት ነው። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የመሳቢያውን ቁልፍ ይረከባል፤ ሪፖርቱ ስለ ምን እንደሆነ ግን የሚነግረው የለም። የቦርዱም የሥራ ዘመን ያልቃል። ቀጣዩ ፕሮጀክት ሲመጣ ሌላ አማካሪ ያንኑ መጋዘን አይቶ ያንኑ ምክር ይጽፋል።

ይህ የኢትዮጵያ ማኅበራት ብቻ ችግር አይደለም። በህንድ ሙምባይ አካባቢ በሚገኙ የሽመና ፋብሪካዎች ላይ የተደረገ ጥናት በብዙዎች ዘንድ ይታወቃል። አንድ ዓለም አቀፍ አማካሪ ድርጅት ለፋብሪካዎቹ ለወራት በነፃ ምክር ሰጠ። ምክሩ የተወሳሰበ አልነበረም፤ ክሩ ይመዝገብ፣ መሣሪያው በቦታው ይቀመጥ፣ የተበላሸው ማሽን ለምን እንደተበላሸ ይጻፍ የሚል ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ምርታማነት 17 በመቶ ጨመረ። አጥኚዎቹ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ከተጀመሩት አሠራሮች ግማሽ ያህሉ ተትተዋል። ምክንያቱ ሲጠየቅ በተደጋጋሚ የተሰጠው መልስ ሁለት ነው፤ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ተለውጧል፣ ባለቤቶቹም ለመከታተል ጊዜ አጥተዋል። ከሽመና ፋብሪካው ላይ ባለቤት የሚለውን አንሥቶ ቦርድ ብሎ ለሚያነብ ሰው ታሪኩ ቅርብ ነው። ለፍትሐዊነት ሲባል የሚቀረውም መነገር አለበት፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላም ምክር ያገኙት ፋብሪካዎች ካላገኙት በግልጽ ይሻሉ ነበር። ምክር ከንቱ ነው የሚል ካለ ይህን ይመልከት።

በሜክሲኮ ፑዌብላ ግዛት ደግሞ ምክሩ በሌላ መንገድ ተሰጠ። በአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ላይ በተደረገው ሙከራ ለአንድ ዓመት አማካሪ በሳምንት አራት ሰዓት እየመጣ ከባለቤቱ ጋር ይሠራ ነበር። አብዛኛው ወጪ በድጎማ ተሸፈነ፤ ድርጅቶቹም እንደ ዓቅማቸው ጥቂት ከኪሳቸው ከፈሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ ምክር ያገኙት ድርጅቶች ካላገኙት የበለጠ ሠራተኛ ቀጥረው ነበር። በሳምንት አራት ሰዓት ማለት ከጠዋት እስከ ምሳ ማለት ነው። ነገር ግን በየሳምንቱ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ያው ሰው።

ከኪስ መክፈል ትንሽ ነገር ቢመስልም ትንሽ አይደለም። የአውሮፓ የመልሶ ግንባታና ልማት ባንክ ለአነስተኛ ድርጅቶች አማካሪ ሲያቀርብ ለጋሾች አንዱን ክፍል ይሸፍናሉ፤ የቀረውን ድርጅቱ ራሱ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1978 የተቋቋመው የኔዘርላንድስ ፑም ጡረታ የወጡ ባለሙያዎችን ሲልክም የማደሪያውን፣ የምግቡንና የአገር ውስጥ ጉዞውን ወጪ የሚችለው ተቀባዩ ነው። የከፈለ ማኅበር «ይህ ምክር የተጠየቀው ለምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ያልከፈለ ግን የለጋሹን ፎርም ሞልቶ የለጋሹን ችግር እንደ ራሱ ችግር ይጽፋል። የማኅበሩ ችግር የሚዛን ጉድለት ሆኖ ሳለ ዌብሳይት የተሠራለት ማኅበር ቢኖር ማንም አይደነቅም።

ክቡራትና ክቡራን፣ ከሁሉ ይልቅ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ትምህርት የሚሆነው የናይጄሪያው ነው። በዚያ አገር በአነስተኛ ድርጅቶች ላይ በተደረገ ጥናት አራት መንገዶች ተነጻጸሩ፤ ባለቤቱን ማሠልጠን፣ አማካሪ ማምጣት፣ የሂሳብ ወይም የገበያ ሥራውን የሚሠራ ሰው በድጎማ መቅጠር፣ እንዲሁም ያንኑ ሥራ ለውጭ ባለሙያ በክፍያ መስጠት። ሰው መቅጠርና ሥራውን በክፍያ ማሠራት ከሥልጠናው በለጡ፤ ከአማካሪውም ቢያንስ እኩል ሆኑ፤ ወጪያቸው ግን የአማካሪው ግማሽ ነበር። የነገሩ ፍሬ ግልጽ ነው። ነጋዴው ራሱ ሂሳብ ሹም እንዲሆን ከማሠልጠን ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ወንበር ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ማረስ፣ ማረምና ከብት መጠበቅ ያለበትን የቦርድ ሊቀ መንበር በሦስት ቀን ሥልጠና የሂሳብ ባለሙያ ለማድረግ ሲሞከር ስንት ዓመት አለፈ!

አንድ መሠረታዊ ማኅበር ብቻውን የሂሳብ ሠራተኛ መቅጠር ይከብደዋል። አምስት ጎረቤት ማኅበራት አንድ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በሂሳብ የተመረቀ ወጣት በጋራ ቢቀጥሩ ግን ለእያንዳንዳቸው በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ይደርሳቸዋል። ይህ በፑዌብላ ከነበረው የአማካሪ ሰዓት እጥፍ ነው። ወጣቱ ወይም ወጣቷ የአባል ልጅ ቢሆኑ ደግሞ አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ ሪፖርቱም ጠቅላላ ጉባኤው በሚሰማው ቋንቋ ይጻፋል። በቡድን መሥራቱም የሚያሰጋ ነገር የለውም። በኮሎምቢያ የመኪና መለዋወጫ አምራቾች በቡድን ሲመከሩ ወጪው ለየብቻ ከመመከር አንድ ሦስተኛ ያህል ሲሆን ውጤቱም የሚያንስ አልነበረም።

«ደመወዙ ከየት ይምጣ? የትርፍ ክፍፍላችን ይቀንሳል» የሚል አባል መኖሩ አይቀርም፤ ጥያቄውም የሚናቅ አይደለም። መልሱ ያለው ሚዛኑ ላይ ነው። 3,000 ኩንታል የሚሰበስብ ማኅበር በእያንዳንዱ ኩንታል ግማሽ ኪሎ ብቻ ቢጎድልበት 15 ኩንታል ይሆናል። የመረከቢያ ደረሰኝና የመጋዘን ካርድ በየሳምንቱ ካልተመሳከሩ ይህን ጉድለት የሚያየው ሰው የለም። የሚጠፋው በአይጥ ይሁን በሚዛን ወይም በሰው እጅ፣ ማንም ሳያውቀው ዓመቱ ያልፋል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በአዝመራ ጊዜ የሚደርሰው ነው። ማኅበሩ ኦዲት የተደረገ ሂሳብ ከሌለው ባንኩ የግዥ ብድር አይሰጠውም። ገንዘብ የሌለው ማኅበር «ሳምንት ተመለሱ» ይላል። አባሉ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ወጪና የሠርግ ድግስ እያለበት ሳምንት አይጠብቅም፤ አህያውን ጭኖ ወደ ነጋዴው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ አባሉ ለማኅበሩ ታማኝ አይደለም ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። የተበደለው ግን አባሉ ነው።

የወረዳ ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አላቸው። ሰነዱ ተሟልቶ የሚጠብቅ ማኅበር ኦዲት በጥቂት ቀናት ያልቃል፤ ደረሰኙ በየቦርድ አባሉ ቤት የተበተነ ማኅበር ግን ኦዲተሩን ሳምንታት ያንከራትታል፤ ተራ የሚጠብቁትም ማኅበራት አብረው ይጎዳሉ። ከዚህ በኋላም ለጋሽ መምጣቱ አይቀርም፤ ቢመጣም መልካም ነው። ያን ጊዜ ከለጋሹ የሚጠየቀው ሌላ አውደ ጥናት ሳይሆን የጋራ ሂሳብ ሠራተኛው የመጀመሪያ ዓመት ደመወዝ እኩሌታ ቢሆን፣ ቀሪው እኩሌታ ከማኅበራቱ፣ በሁለተኛውም ዓመት ሙሉው ከማኅበራቱ እንዲሆን በውል ቢታሰር፣ ገንዘቡ ሲቆም ሠራተኛው ከወንበሩ አይነሣም። አማካሪም ከመጣ ሪፖርቱ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ሳይቀርብ የሥራው ርክክብ አይፈረም። ሥራ አስኪያጅ ሲለቅ ደግሞ ከመኪናው ቁልፍና ከማኅተሙ ጋር የተጀመሩት አሠራሮች ዝርዝር፣ የትኛው በማን እንደሚሠራ ተጽፎ፣ ቁጥጥር ኮሚቴው ባለበት ለተተኪው ይረከባል። ለዚህ ርክክብ ቅጽ ማዘጋጀት አንድ ከሰዓት በኋላ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ረቂቁም ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ሊደርስ ይችላል።