ከደመራው ይልቅ ቤቱ
የመስቀልን ሳምንት በማስመልከት ለቆሼ ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ንግግር፤ መስከረም 2013



በ2013 መስቀል የዋለው እሑድ መስከረም 17 ቀን ነበር። በጉራጌ ዞን ከተሞችና ገጠሮች ግን መስቀል የአንድ ቀን በዓል ሆኖ አያውቅም። እናቶች ለቅቤው እቁብ የሚገቡት፣ አባቶች ለሰንጋው የሚቆጥቡት፣ አዲስ አበባ ላይ ሱቅ የሚጠብቀው ወይም ዕቃ የሚሸከመው ልጅ ከዕለት ገቢው የሚቀንሰው ለአንድ ቀን ብሎ አይደለም። እንግዳው ከደመራው አስቀድሞ ይገባል፤ እርዱ፣ ክትፎው፣ ምርቃቱ፣ የአማትና የዘመድ ጥየቃው ከሳምንት በላይ ይዘልቃል። መርካቶ በእነዚህ ቀናት ጭር ሲል፣ የቡታጅራ መንገድ ግን በተሳፋሪ ይሞላል።

በ2013 ያ መንገድ የሚነሳው ወረርሽኙ እጅግ ከበረታበት ከተማ ነበር። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ከታወቀ ወዲህ እስከ መስከረም 2013 ከ60,000 በላይ ሰዎች በበሽታው መያዛቸው በምርመራ ተረጋግጦ ነበር፤ አብዛኞቹም የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ነበሩ። በሚያዝያ 2012 ፋሲካ፣ በግንቦት ደግሞ ኢድ አልፈጥር የተከበሩት ሕዝቡ በየቤቱ ሆኖ ነው። ያኔ በመጋቢት መጨረሻ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሥራ ላይ ነበር፤ የሚከለክልም የሚቆጣጠርም ነበረ። በመስከረም 2013 ግን የአዋጁ የአምስት ወራት ዘመን አብቅቶ ነበር። በመስቀል ሳምንት ማን ይምጣ፣ ማን ይቅር፣ ስንት ሰው በአንድ ማዕድ ይቀመጥ የሚለውን የሚወስነው እያንዳንዱ ቤት ነው።

ስለ በዓሉ ጥንቃቄ ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ደመራው ይሄዳል። ደመራው ሕዝብ የሚሰበሰብበት ስለሆነ ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ማድረግና ሁለት የአዋቂ እርምጃ ያህል መራራቅ በ2013 እዚያም ግዴታ ነበር። ይሁን እንጂ ደመራ በሜዳ ላይ፣ ነፋስ በሚነፍስበት፣ በጥቂት ሰዓት የሚያልቅ ሥርዓት ነው። ከበድ ያለው አደጋ ያለው ከደመራው መልስ በሚገባበት ቤት ውስጥ ነው። ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው በሚተነፍስ፣ በሚናገር፣ በሚስቅና በሚያስል ሰው አፍና አፍንጫ በሚወጡ ጠብታዎች ነው፤ አየር በማይዘዋወርበት ክፍል ደግሞ ይበልጥ ይቀልለዋል። የበዓል ቤት ይህን ሁሉ ያሟላል። በሩ ለብርድ ይዘጋል፣ ምድጃው ይጨሳል፣ ጨዋታው ይደምቃል፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ እስከ እኩለ ሌሊት ይቀመጣል። መሸፈኛውም ለመብላት ይወልቃል፤ ከወለቀ ደግሞ በዚያ ሌሊት ተመልሶ አይደረግም።

ከሁሉ የሚከብደው መተማመኑ ነው። ሰው በገበያ ላይ ከማያውቀው ሰው ይርቃል፤ የበርበሬ ነጋዴው ከገዢው ጋር ሲከራከር እንኳ መሸፈኛውን ከፍ ማድረጉን ያስታውሳል። ከእናቱ ፊት ሲደርስ ግን ያወልቀዋል። እናትም «ልጄ፣ ከእኔ ምን ያሸሽሃል?» ትላለች። ቫይረሱ ግን ዘመድና ባዳ አይለይም። የተያዘ ሰው ምልክት ከማሳየቱ ሁለት ቀን አስቀድሞ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ አንዳንዱም ፈጽሞ ምልክት ሳይታይበት ያስተላልፋል። ምልክቱ የሚታየው በአማካይ በ5 ወይም በ6 ቀን ውስጥ ሲሆን እስከ 14 ቀን ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ረቡዕ ከአዲስ አበባ ጤነኛ መስሎ የገባ ወጣት እሑድ አባቱን በትከሻ ሲስም አንዳች ሕመም ላይሰማው ይችላል። እርሱ ምናልባት በጉንፋን መልክ ያልፈዋል፤ ዕድሜያቸው የገፋው፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባቸው አባት ግን እንደዚያ ላያልፉት ይችላሉ።

ከዚህ የሚነሳው የመጀመሪያው ጥያቄ የመምጣት ጥያቄ ነው። ትኩሳት፣ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የጣዕምና የሽታ መጥፋት ያለበት ሰው፣ ወይም በበሽታው ከተያዘ ሰው ጋር ንክኪ የነበረው፣ መንገድ መጀመር የለበትም። ይህን መናገር ቀላል ነው፤ መፈጸሙ ግን አይቀልም። በመስቀል የቀረ ልጅ ታሟል፣ ከስሯል ወይም ተጣልቷል ተብሎ ይታማል፤ ይህን ሐሜት ፈርቶ እያተኮሰውም ቢሆን የሚሳፈር አይጠፋም። ፈቃዱ ከወላጅ ሊቀድም የሚገባው ስለዚህ ነው። አባት ወይም እናት በዓሉ ሳይደርስ ስልክ ደውለው «ካመመህ አትምጣ፤ ብትቀር አንቀየምህም፤ ምርቃቱ በስልክ ይደርስሃል» ቢሉ፣ ያ አንድ ቃል ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል። ሽማግሌ ያልፈቀደለት ወጣት አይቀርም፤ የተፈቀደለት ግን ያለ ኀፍረት ይቀራል፣ ለሰንጋው የቆጠበውንም በባንክ ይልካል።

የሚመጣው ደግሞ በመኪናው ውስጥ መስኮት ተከፍቶ፣ መሸፈኛው አፍንጫንም ጭምር ሸፍኖ መጓዝ ይኖርበታል። እንደ ደረሰም ወደ ጓዳ ከመግባቱ በፊት እጁን በውሃና በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠብ። ለዚህ በግቢው መግቢያ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና ማስቀመጥ ይበቃል። ውሃው ግን በራሱ አይሞላም። በበዓል ሳምንት እናቶችና ልጃገረዶች ከቆጮው፣ ከአይቡና ከጎመኑ ሥራ ላይ የእንግዳ ሁሉ መታጠቢያ ቢታከልባቸው ጀሪካኑ በሁለተኛው ቀን ባዶውን ይቆማል፤ ይህን ሥራ ከከተማ የመጡት ወንዶች ልጆች ቢረከቡት ይገባል።

ሰላምታው እጅ በደረት አድርጎ ጎንበስ በማለት ሊፈጸም ይችላል፤ አክብሮቱ አይጎድልም። ጉልበት መሳምና ትከሻ ማጋጨት ግን ለከርሞ ይቆዩ። ምርቃትን በሚመለከት አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፤ በአንዳንድ ቤት ሽማግሌው ሲመርቁ «እንትፍ» ይላሉ። በሽታው የሚጓዘው በዚያው ጠብታ ነውና ዘንድሮ ምርቃቱ በቃል ብቻ ይሁን። የሚመረቁትም ፈንጠር ብለው ቆመው «አሜን» ይበሉ።

ስለ ቅርጫው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቫይረሱ በሥጋ ወይም በምግብ በኩል ለመተላለፉ የታየ ማስረጃ የለም፤ ስጋቱ ሥጋውን ከብበው የሚቆሙት ሰዎች ናቸው። አራት ወይም አምስት ሰው ደጅ ላይ አርዶ፣ መድቦ፣ ድርሻውን ለየቤቱ ቢያደርስ የቅርጫው ማኅበር አይፈርስም። (ጥሬ ሥጋ የሚያመጣቸው ሌሎች ሕመሞች መኖራቸው የታወቀ ነው፤ ከብቱን አስቀድሞ በእንስሳት ሐኪም ማስመርመር ወረርሽኝ በሌለበት ዓመትም የሚገባ ነው።)

በማዕዱ ላይ የአካባቢው ባህል ራሱ መፍትሔ ይዟል። ክትፎ በወጉ የሚቀርበው በጣባ፣ በእንሰት ቅጠል ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ጣባ፣ የራሱ ቅጠል፣ የራሱ ማንኪያ ቢሰጠው ከአንድ ትሪ የመብላት አደጋ ይቀንሳል፤ ወጉም አይናጋም፣ እንዲያውም ይከበራል። እጅ በእጅ መጎራረስ ግን መቅረት አለበት። የሚበላበት ቦታም ደጅ ቢሆን ይመረጣል። በመስከረም አጋማሽ ክረምቱ እየወጣ ነው፣ ቀኑ ይፈካል። በጉራጌ መንደሮች ከቤቶች ፊት ለፊት የተንጣለለው ጀፎረ ሰው ተራርቆ እንዲቀመጥ የተሠራ ይመስላል፤ በከተማ ያለውም ግቢውን ወይም የዛፍ ጥላውን ይጠቀም። ዝናብ ካስገደደ በርና መስኮቱ ይከፈት፣ እንግዳውም በየተራ ይግባ።

ስለ አረጋውያን ሲመከር አንዳንዶች «ለብቻቸው ክፍል ይቀመጡ» ይላሉ። ምክሩ ከሕክምና አንጻር ልክ ነው፤ በመስቀል ቀን ግን አባትን ጓዳ ማስገባት ስድብ ነው፣ ማንም አይፈጽመውም። የሚሻለው የክብር ወንበራቸውን ወደ ደጅ ማውጣት ነው። አየር በሚነፍስበት፣ ከሌላው ሁለት እርምጃ ርቆ ይዘርጋላቸው፤ ምግባቸው ቀድሞ በራሳቸው ጣባ ይቅረብ፤ የሚያገለግላቸው በሳምንቱ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ እርሱም ከከተማ ያልመጣ። ጠያቂው ሁለት ሁለት እየሆነ፣ ተሸፍኖ፣ ጥቂት ቆሞ ይሂድ። ከሰው ተለይተው ሳይሆን ከሰው ሁሉ በላይ ከብረው የተቀመጡ ያህል ይሆናል።

ሌላም መታሰብ ያለበት አለ። በኅዳር 1911 የዓለም ወረርሽኝ የነበረው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው በጽኑ ታመው ተርፈዋል። «የኅዳር በሽታ» የተባለው ይኸው ነው፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ ከተማው የሚታጠነው በእርሱ መታሰቢያነት ነው። በዚያ ዘመን መከራውን ያከበደው አንዱ ነገር የአንድ ቤት ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መውደቁ ነበር፤ ለታመመው ውሃ የሚያቀብል፣ ለሞተው መቃብር የሚቆፍር ጠፋ። ሃያ ሰው በአንድ ክፍል በአንድ ሌሊት ቢያድር፣ ቫይረሱም ከገባ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ አስታማሚውም ታማሚ ይሆናል። አንድ ቤተሰብ ከበዓሉ በፊት ማን ከስብሰባው ራቅ ብሎ እንደሚቆይ፣ አንድ ሰው ቢታመም የትኛው ክፍል እንደሚለቀቅለት ቢነጋገር፣ ጥንቃቄ እንጂ ክፉ መተንበይ አይደለም። እድሮችም እንዲሁ፤ ለቅሶ ቢገጥም ድንኳኑ ጎኑ ተከፍቶ እንዲተከል፣ ለቀስተኛው በፈረቃ እንዲመጣ ከአሁኑ ሊወስኑ ይገባል። ሐዘን ላይ ሆኖ ሥርዓት ማውጣት አይቻልም።

ለሕፃናት የሚነገር አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የእጅ ማጽጃ ሳኒታይዘር አልኮል ነው፤ በቀላሉ ይቀጣጠላል። እጁን አሽቶ ሳይደርቅ ችቦ የሚይዝ ልጅ ሊቃጠል ይችላል። በደመራው ዕለትና በምድጃ አጠገብ ውሃና ሳሙና ይበቃል፤ ጠርሙሱ ከእሳቱ ይራቅ፣ በልጆች ኪስም አይሁን።

ከመስቀል በኋላ በመስቃንና በክስታኔ በኩል ወጣቱ የሚሰበሰብበት የአዳብና ጨዋታ በዚህ ዓመት ቢቀር ይሻላል። ዘፈንና ጭፈራ ትንፋሽን አርቆ ይልካል፤ በዚያ ጨዋታ ላይ መራራቅ ይቻላል ማለትም ራስን ማታለል ነው።

እንግዳው ሲሸኝ ሥራው አያበቃም። የቤቱ ባለቤት ማን ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደገባና እንደወጣ በአንድ ወረቀት ላይ ቢጽፍ፣ አንድ ሰው ታሞ ቢገኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንክኪ ያላቸውን በቀናት ሳይሆን በሰዓታት ታገኛቸዋለች። ወደ አዲስ አበባ የተመለሰውም ምልክት ቢያይ ለጤና ባለሙያ እንደሚናገር ሁሉ ለቤተሰቡ ይደውል፤ ለመደበቅ ምክንያት የለውም፣ በበሽታ መያዝ ነውር አይደለምና። ምልክት የታየበት ሰው ከሌሎች ተለይቶ በነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ይደውል፤ ትንፋሽ ካጠረው ሳይውል ሳያድር ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የመጨረሻው እንግዳ መስከረም 24 ቀን ከሄደ፣ የ14 ቀኑ ቆጠራ የሚሞላው ጥቅምት 8 ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ አረጋውያኑን የሚያገለግለው ሰው መሸፈኛውን አያውልቅ።