ራማኑጃን፦ ብቻውን ተምሮ ብቻውን ያልቀረ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የሒሳብ ሰው ነው። "እኔና ሒሳብ አንዋደድም" የምትሉ፣ ቆይ፣ እንዳትዘጉት። ቀመሩ ባይገባችሁም ታሪኩ ይገባችኋል።

ስሙ ስሪኒቫሳ ራማኑጃን ነው። በፈረንጆች 1887 በደቡብ ሕንድ ተወለደ፤ ያደገው ኩምባኮናም በምትባል ከተማ ነው። አባቱ የጨርቅ ሱቅ ጸሐፊ ነበር፤ ቤታቸው ድሃ ነው። ልጁ 16 ዓመት ገደማ ሲሆነው አንድ መጽሐፍ እጁ ገባ። ካር የሚባል እንግሊዛዊ አስተማሪ ለተፈታኞች ያዘጋጀው ነው፤ 5000 የሚያህሉ የሒሳብ ውጤቶች ተደርድረውበታል፤ ማብራሪያው ግን በጣም ትንሽ ነው። ራማኑጃን አንድ በአንድ ራሱ እየሠራ አረጋገጣቸው። ከዚያ መጽሐፉ ውስጥ የሌሉትን መፈለግ ጀመረ።

ይሄ ልጅ ታዲያ ኮሌጅ ወደቀ! ከሒሳብ በቀር ሌላውን ትምህርት እርግፍ አድርጎ ስለተወው ስኮላርሺፑን ተነጠቀ። ሌላ ኮሌጅ ገባ፣ እዚያም ወደቀ። እኛ እዚህ ለባግሩት ባለ 3፣ ባለ 4፣ ባለ 5 የኺዶት ተብለን ስንከፋፈል፣ ቁጥሩ የጭንቅላታችን ልክ የሚመስለን ብዙ ነን። ፈተና የሚለካው ነገር አለ፤ ሳይለካው የሚያልፈውም አለ።

ወረቀት ውድ ስለነበረ ራማኑጃን በትንሽ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ያሰላል፣ በክርኑ ያጠፋል፣ መልሱን ብቻ ደብተር ላይ ያሰፍራል። ስለዚህ መንገዱ ይጠፋል፣ የሚቀረው መድረሻው ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ሒሳብ ውስጥ "እውነት ነው" ማለት አይበቃም፣ ለምን እንደሆነ ማሳየት አለብህ።

በ1912 በማድራስ ወደብ መሥሪያ ቤት በወር 30 ሩፒ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። ለካምብሪጅ ምሁራን ጻፈ፤ የመጀመሪያዎቹ አልረዱትም። በጥር 1913 ግን ለጎድፍሪ ሃርዲ ጻፈ። ሃርዲ ደብዳቤውን ከባልደረባው ከሊትልዉድ ጋር ሆኖ መረመረው። አንዳንዱ የታወቀ ነው፣ አንዳንዱ አይተውት የማያውቁት ነው። በራሳቸውና በ1 ብቻ ስለሚካፈሉ ቁጥሮች የጻፈው ደግሞ ስህተት ነበረበት። ቢሆንም ሃርዲ የጸሐፊውን ችሎታ አየ፤ "ና" አለው።

መሄዱ ቀላል አልነበረም። ለእሱ ዓይነት ብራህሚን ባሕር መሻገር ነውር ነው፤ ሥጋም አይበላም። በ1914 ካምብሪጅ ደረሰ፣ በዚያው ዓመት ጦርነት ተነሳ።

ከሠሩት አንዱን ልንገራችሁ። 4ን በስንት መንገድ መደመር ይቻላል? 4፣ 3+1፣ 2+2፣ 2+1+1፣ 1+1+1+1፤ አምስት። 100ንስ? 190,569,292! አንድ በአንድ መቁጠር አይታሰብም። ሁለቱ በ1918 ይህን ቁጥር የሚያሰላ ቀመር ከነማረጋገጫው አወጡ። የራማኑጃን ግምት ብቻውን፣ የሃርዲ ጥንቃቄም ብቻውን እዚያ አያደርስም ነበር።

በዚያው ዓመት የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። ግን ታሞ ነበር። በ1919 አገሩ ተመለሰ፣ በሚያዝያ 1920 በ32 ዓመቱ አረፈ። በመጨረሻው ዓመት የሠራባቸው ወረቀቶች ተረስተው ቆይተው በ1976 ካምብሪጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተገኙ፤ ሒሳበኞች ለአሥርታት ሲያረጋግጧቸው ኖረዋል።

ይህን ታሪክ ሰው እንደ ተአምር ያወራዋል። እኔ ሳየው ግን አንድ ሰው ለዓመታት ሠራ፣ እንቢ ሲሉት ደግሞ ጻፈ፣ በመጨረሻ አንድ አንባቢ አገኘ። ደብተራችሁ ውስጥ የደበቃችሁት ነገር ካለ፣ ሒሳብም ይሁን ግጥም፣ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። አንዱ ካልመለሰ ለሌላው ላኩ። ታናሽ እህታችሁ "እስቲ ይሄን እይልኝ" ስትላችሁ ደግሞ፣ ስልኩን አስቀምጡና እዩላት።

በሉ፣ በሚቀጥለው እንገናኝ። ሰላም ሁኑ!