ወገቡ ለምን ይጎነብሳል?



ውድ የኢንዱስትሪ ምህንድስና ምሩቃን፣ ስለ አንድ ግንበኛ ላጫውታችሁ ነው የመጣሁት። ፍራንክ ጊልብሬዝ ይባላል፣ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885፣ በ17 ዓመቱ፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አልፎ ሳለ ግንበኝነት ሊማር ገባ። አሠልጣኞቹ ግን ግራ አጋቡት። ያው አንዱ ግንበኛ ሲያስተምር አንድ ዓይነት፣ ሲቸኩል ሌላ፣ ዘና ሲል ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት አሠራር ነበረው። የቱን ይያዝ?

ጠጋ ብሎ ሲመለከት ዓይኑ ወገባቸው ላይ አረፈ። ጡቡ መሬት ላይ ተከምሯል። ሁለት ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ጡብ ግንበኛው የራሱን ግማሽ አካል ዝቅ ያደርጋል፣ መልሶ ያነሳል፤ ቀኑን ሙሉ። ፍራንክ ከግድግዳው ጋር እኩል ከፍ የሚል፣ ጡቡንና ሞርታሩን እጅ በሚደርስበት ቁመት የሚይዝ መወጣጫ ሠራ። ጡቡ አስቀድሞ ተመርጦ፣ መልካም ፊቱ ተመቻችቶ ይቀርባል። ሞርታሩ በልኩ ስለሚቦካ ጡቡን መደብደብ ቀረ፤ በእጅ መጫን በቃ። 18 የነበረው እንቅስቃሴ ወደ 5 ወረደ፤ በሰዓት 120 ጡብ ይደረድር የነበረ ሰው 350 ደረደረ። ፍጠን ያለው ግን የለም።

በዚያው ዘመን ፍሬድሪክ ቴይለር ሥራን በስቶፕዎች ይለካ ነበር። የሙያችሁ አባት ነው፣ አከብረዋለሁ። ይሁንና በ1911 ዋተርታውን በነበረው የአሜሪካ መንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች በእሱ ዘዴ ሰዓት ሲያዝባቸው ሥራ ጥለው ወጡ። አልፈርድባቸውም። ስቶፕዎች ስንት ደቂቃ እንደፈጀ እንጂ ለምን እንደፈጀ አይነግርም።

ያንን «ለምን» አጥብቃ የያዘችው የፍራንክ ባለቤት ሊሊያን ናት። በ1914 ስለ ሥራ አመራር ሥነ ልቦና የጻፈችው መጽሐፍ ሴት መሆኗ እንዳይታወቅ በስሟ የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ወጣ። በ1916 ባልና ሚስቱ ስለ ሠራተኛ ድካም ብቻ ሌላ መጽሐፍ ጻፉ። በ1924 ፍራንክ በድንገት ሲሞት 11 ልጆች ታቅፋ ቀረች፤ አንዳንድ ደንበኞችም ከሴት ጋር መሥራት ስላልፈለጉ ሸሿት። እሷ ግን ፊቷን ወደ ማድ ቤት መለሰች። ከ4,000 በላይ ሴቶችን ጠይቃ፣ የምድጃውና የዕቃ ማጠቢያው ቁመት ስንት ቢሆን እንደሚመች አጠናች። ያው የግንበኛው ጥያቄ ነው።

ልጆቼ፣ ፋብሪካ ስትገቡ ስቶፕዎቹ ለጊዜው ኪሳችሁ ይቆይ። ከሠራተኛዋ አጠገብ ቁሙ፤ ዕቃው የት እንደተቀመጠ እዩ፣ ስንት ጊዜ እንደምትጎነብስ ቁጠሩ፣ ከዚያ ራሷን ጠይቋት።

እዚህ ከተቀመጡት እናቶች ብዙዎቹ ምጣድ ፊት ጎንበስ ብለው ነው ያስተማሯችሁ። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ሜትር ያዙና ለኩልኝ፦ ምድጃው ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ወገባቸው ቀና ይላል?