ጭሊሞ በጥቅምት

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ካሜራ ያለው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ የዱር እንስሳ ለማንሳት ወዴት ይኬዳል? መልሱ ብዙ ጊዜ ሰሜን ተራሮች ወይም ባሌ ነው። ትክክል ነው፣ ዋልያ ከሰሜን ተራሮች ሌላ የሚገኝበት የለም። የሁለት ቀን ዕረፍት ብቻ ላለው ሰው ግን ከሁሉ የሚሻለው ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ያለው የጭሊሞ ደን ነው። ይህን የምንለው ቅርብ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በእግር እየሄደ፣ እየታገሠ የሚያነሳ ጎብኚ ለደኑም ይጠቅመዋልና ነው።

ደኑ ከጊንጪ ከተማ በስተሰሜን ነው። ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ተደባልቀው የበቀሉበት፣ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ተራራማ ቦታ ነው። በጥቅምት ዝናቡ አቧራውን አጥቦ ሄዷል፤ በማሳው ላይ የኑግ አበባ ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ወፎችም አገራችን ገብተዋል። የጠዋቱ ውርጭ ደግሞ ለፎቶ አንሺው ይሠራለታል። ጉሬዛ ሌሊቱን በብርድ ያደረ አካሉን ለማሞቅ ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ምግቡ በአብዛኛው ቅጠል ነው፤ ቅጠል ደግሞ ሆዱ ውስጥ ቆይቶ ካልፈላ አይፈጭለትም፤ ስለዚህ የቀኑን ብዙ ክፍል ተቀምጦ ያሳልፋል። ዝም ብሎ የጠበቀው ሰው ያገኘዋል። ጥቁርና ነጭ ፀጉሩ ግን ካሜራን ያስቸግራል፤ በቀትር ነጩ ጎፈር ብርሃን በዝቶበት መልኩን ያጣል፣ ጥቁሩ አካል ጥላ ውስጥ ይሰምጣል። በማለዳው ለስላሳ ብርሃን ሁለቱም ይወጣሉ። እናቱ ደረት ላይ የተለጠፈ ሙሉ በሙሉ ነጭ ግልገል ካያችሁ አዲስ የተወለደ ነው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የወላጆቹን መልክ ይይዛል።

«ጉሬዛና ድኩላ ብቻ ለማየት ያን ያህል መንገድ?» የሚል አይጠፋም። ትልቅ እንስሳ ፎቶውን ትልቅ አያደርገውም። ከመኪና መስኮት የተነሳ መንጋና ግማሽ ሰዓት ተጠብቆ የተገኘ የአንድ ጉሬዛ ፊት አይወዳደሩም። ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ይከብዳል፤ ሰው በበዛበት እንስሳው ይሸሻል፣ ደኑ ይረገጣል ይላል። በዘፈቀደ ከተገባ እውነት ነው። ሆኖም ጭሊሞን ለዓመታት ያሳሳው ምጣድና ምሰሶ የሚጠይቀው እንጨት፣ እየሰፋ የመጣውም እርሻ ነው እንጂ ጎብኚ አይደለም። ለዚህም ነው በአገራችን ደንን ከነዋሪው ጋር በጋራ የማስተዳደር ሙከራ ከቦንጋ ጋር ቀድሞ እዚህ የተጀመረው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ገበሬው ከቆመው ዛፍ ገቢ ካላገኘ፣ ከወደቀው ያገኛል። የጊንጪ ሰው ለደኑ ያለውን ስሜት ደግሞ ማንም ሊጠራጠር አይገባም። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የከተማዋ ተማሪዎች አደባባይ ሲወጡ ካነሷቸው ቅሬታዎች አንዱ የጭሊሞ መሬት ለባለሀብት ሊሰጥ ነው የሚል ነበር። ነገሩ የጊንጪ ብቻም አይደለም፤ እስከ አፋር ምድረ በዳ ወርዶ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ የሚቀረው አዋሽ የሚነሳው ከዚሁ አካባቢ ነው። የመተሐራን ሸንኮራ የሚያጠጣው ውኃ መነሻው የእነዚህ ተራሮች ጫፍ ነው።

የጎብኚ ገንዘብ ነዋሪው እጅ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአምቦና በወሊሶ መካከል ባለችው ወንጪ፣ ፈረስ የሚያከራዩትና እንግዳ የሚመሩት የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ በ2014 ዓ.ም. የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሏታል። ጭሊሞ እንደ ወንጪ ሐይቅ የለውም፤ የሚያስፈልገው ግን መንገድ የሚያውቅ መሪና ለድካሙ የሚከፍል እንግዳ ብቻ ነው።

የሰላሙ ጉዳይ በቅርብ ዓመታት ብዙ ሰው አስቀርቷል፣ ሥጋቱም ተገቢ ነው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት አካባቢው ላይ ያለ ሰው ጠይቁ፤ ካልተመቸ ቀኑን አዛውሩ። ስትሄዱም ከነዋሪው መንገድ መሪ ያዙ፣ የሚገባውን በእጁ ክፈሉት፣ ለጉሬዛ ሙዝም ዳቦም አትስጡ።